የጋሽ ዋቅጋሪ ዜሮ

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ዋቅጋሪ ጉደታ፣ ጉደር

ጋሽ ዋቅጋሪ፣ ሰላምታውን በወጉ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስና ልረፍ። አዎ፣ ድልድዩ አለ። ግራና ቀኙ የነበሩት ቤቶች ግን አብዛኞቹ የሉም፤ ሻይ ቤቱም፣ እርስዎ ዝናብ ይጠለሉበት የነበረው የቆርቆሮ ጎጆም የለም። ድልድዩ እግር ላይ ያለው የእርስዎ መለኪያ ሰሌዳ በቦታው ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ሰባቱ አንድ መስሏል።

እንዴት ሰነበቱ? ጆሮዎስ? ስልክ ላይ አልሰማም ስላሉ ይህንንም በጉደሩ መኪና ሾፌር እልካለሁ።

«ደግሞ አንቺ ማን ነሽ» ላሉት፦ ሰምሃል ሃድጉ እባላለሁ። አርባ ምንጭ የውሃ ሀብት ምህንድስና ተምሬ አምና ተመረቅኩ። አሁን እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ባገለገሉበት መሥሪያ ቤት የስድስት ወር ኮንትራት ይዣለሁ። ሥራዬ የእርስዎን መዝገቦች ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የወንዙ ከፍታ። የጥምቀት ዕለት እንኳ አልዘለሉም! ማለቴ፣ እኔ ሦስት ቀን ተከታትዬ በሰዓቱ ቢሮ ገብቼ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል። እስከ 1996 ድረስ የነሐሴ ውሃ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ሁለት ከስድሳ ይደርሳል። ድልድዩ ፈርሶ እንደገና ከተሠራ ወዲህ ግን በድንገት ወርዶ አንድ ከሰባ፣ ቢበዛ አንድ ከሰማንያ ነው። ዝናቡ አልቀነሰም፤ የሚቲዎሮሎጂን ቁጥር አይቻለሁ። እንዲያውም ድሮ በሁለት ቀን ይወርድ የነበረው አሁን በሁለት ሰዓት ይዘረገፋል። ከላይ ያለው መሬት ሁሉ አስፋልትና ሴራሚክ ሆኗል፤ ውሃ የሚጠጣ አፈር የለም። ታዲያ ውሃው የት ገባ? አለቃዬ ኢንጂነር ታዲዎስ «ድልድዩ ሲሰፋ ውሃው ተረጋጋ፤ በቃ ቀጥዪ» አሉኝ። መቀጠል አቃተኝ። በ1996 ምን ሆነ?

ብዙ አልጽፍም ብዬ ብዙ ጻፍኩ። ይቅርታ።

ሰምሃል


ጉደር፣ ግንቦት 19 ቀን 2017

ለልጄ ለሰምሃል

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሾፌሩ ከዳቦው ጋር ስላስቀመጠው ዘይት ጠጥቷል፤ ግን ይነበባል። ስለ ጤናዬ፦ ጉልበቴ ይታዘዛል፣ ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬ ከእኔ ጋር ጡረታ ወጥቷል። እህቴ ጎመንና ጌሾ ተክላ እኔን ዘበኛ አድርጋኛለች። ወፍ ሲመጣ ስለማልሰማ እያየሁ ነው የማባርረው።

በሁለት ደብዳቤ ሰባት ጊዜ «ማለቴ» ብለሻል። እኛ በጊዜያችን አስበን ነበር የምንለው።

በብጣሽ ወረቀት ጨምረሽ «ሰሌዳውን ማን ነው የቀባው» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ሰሌዳ የሚያስቀባው መሥሪያ ቤቱ ነው። በ1996 ምንም አልሆነም። ድልድይ ፈረሰ፣ ድልድይ ተሠራ። ኢንስፔክተር መጥቶ አይቶ ፈርሟል። በዚያው ዓመት የምስጉን ሠራተኛ ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ ፍሬም ገብቶ ግድግዳዬ ላይ አለ። አለቃሽ ቀጥዪ ካለሽ ቀጥዪ። የተማረ ሰው ውሃ ሲጨምርም አያምንም፣ ሲቀንስም አያምንም።

ለወላጆችሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ዋቅጋሪ ጉደታ


ወሎ ሰፈር፣ ሰኔ 4 ቀን 2017

ጋሽ ዋቅጋሪ፣

ያቺን ባለሦስት መስመር ደብዳቤ ይርሱልኝ። ታክሲ ውስጥ ተናድጄ ነው የጻፍኳት። ሜክሲኮ ስደርስ ተጸጽቼ ለሾፌሩ ብደውል «እህቴ፣ እኔ ሆለታን አልፌያለሁ» አለኝ። ለአባቴ እንደዚያ ብጽፍ ኖሮ እናቴ እግሬን ትሰብረኝ ነበር።

ለእሷ በሰጡኝ መልስ «የቆየ ውሃ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ» ብለዋል። ያስቸኮለኝን ልንገርዎ።

ከድልድዩ አጠገብ ወንዙ ዳር አዲስ ሕንፃ ተሠርቷል። ምድር ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ነው፤ ሠራተኛ እናቶች ጠዋት አስረክበው ማታ ይወስዳሉ። ይህ የመጀመሪያ ክረምቱ ነው። ድልድዩ ላይ ደግሞ የጎርፍ ሳይረን ተተክሏል፤ ውሃው ሰሌዳው ላይ ሁለት ሜትር ሲደርስ ይጮሃል። ሁለት ሜትር የተባለው በሃያ አንድ ዓመት መዝገብ ውሃው እዚያ ደርሶ ስለማያውቅ ነው፤ የእርስዎም፣ ከእርስዎ በኋላ በዚያው ሰሌዳ ያነበቡትም መዝገብ። ሰነዱ ላይ «ቁጥሩን ያጣራው» በሚለው ቦታ የእኔ ስም ተጽፏል። እስከ ሐምሌ 15 እንድፈርም ነው የሚፈለገው። ካልፈረምኩ ኮንትራቴ አይታደስም። ኢንጂነር ታዲዎስ ይህን በግልጽ አላሉም፤ «አንቺ ልጅ ጎበዝ ነሽ፤ ጉብዝናሽን አታበላሺው» ነው ያሉት።

የማቆያው ኃላፊ ወይዘሮ ለተገብርኤል ይባላሉ። ስለ ሳይረኑ ሳስረዳቸው አንዱን ሕፃን በጀርባቸው፣ አንዱን በክንዳቸው ይዘው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሃያ ሕፃን አንድ ላይ ሲያለቅስ የራበው የትኛው እንደሆነ የምለይ ሴት ነኝ። ሲጮህማ አያስፈራኝም። ዝም ያለ እንደሆነ ነው እንጂ» አሉ።

ከዚያ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ከድልድዩ ማዶ ልብስ ይሰፉ የነበሩትን ወይዘሮ አሰፋሽን ያስታውሷቸዋል? ሰፈሩ ሲነሳ ቄራ ገብተዋል፤ ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋቸው። ገና ስምዎን ስጠራ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ዋቅጋሪ! ድልድይ ልቀባበት ብሎ የልብስ ሜትሬን ተውሶ ነጭ ቀለም አስልሶ መለሰልኝ! እስከ ዛሬ ደንበኛ ስለካበት ቀለም ነካኝ እያለ ይገላመጣል!» ሜትሩን አሳይተውኛል። ቀለሙ አሁንም አለ።

ጋሽ ዋቅጋሪ፣ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ሲያስቀባ ከልብስ ሰፊ ሜትር ይዋሳል እንዴ?

አልወቅስዎትም። ብቻ ይንገሩኝ።

ሰምሃል


ጉደር፣ ሰኔ 13 ቀን 2017

ሰምሃል፣

አሰፋሽ በሕይወት መኖሯን ስሰማ ደስ አለኝ። ምላሷም ደህና ነው ማለት ነው።

ዛሬ ስለ ጤና አልጽፍም።

አሮጌውን ድልድይ ሲያፈርሱ ሰሌዳው ከፍርስራሹ ጋር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሄደ። አዲስ ይላክልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ የለም። አዲሱ ድልድይ አለቀ፣ ክረምቱ እየመጣ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት መዝገቤ ላይ ባዶ መስመር አልነበረም፤ አሁንም አይኖርም አልኩና ራሴ ልቀባ ተነሣሁ።

የአሮጌው ሰሌዳ ዜሮ ከወንዙ ወለል ነበር የሚጀምረው፣ ከውሃው ሥር። አዲሱ የድልድይ እግር ግን ከታች ሰፊ የኮንክሪት መቀመጫ አለው፤ በበጋ ደረቅ ነው፣ ሰው ይቆምበታል። ውሃውን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከሰው ቤት የሚወጣው ሁሉ አለበት። አልገባበትም አልኩ። መቀመጫው ላይ ቆሜ፣ ከጫማዬ አጠገብ ዜሮ ብዬ ጀመርኩና ወደ ላይ እስከ ሦስት ሜትር ቀባሁ። ቆንጆ ሥራ ነበር። ከመቀመጫው በታች የቀረውን ለክቼ መዝገቡ ላይ «ማስታወሻ» በሚለው ዓምድ እጽፈዋለሁ ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ዝናብ ጀመረ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ መጥቶ «ሰሌዳ በቦታው አለ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ምስጉን ሠራተኛ ተባልኩ፣ ሰው አጨበጨበልኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጻፈው?

በጋ ሲገባ ሱሪዬን ሰብስቤ ወርጄ ለካሁት። ሰማንያ ሴንቲሜትር ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመዝገቤ በጋ በጋውን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ የሚለው ለዚህ ነው። ወንዙ ደርቆ አያውቅም። ከእኔ ዜሮ በታች ነበር የሚሄደው።

እህቴ እንኳ አታውቅም። አንብበሽ አቃጥዪው።

ዋ.ጉ.


ቂርቆስ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017

ጋሽ ዋቅጋሪ፣

አላቃጠልኩትም።

ሌላው ጥያቄዎ ላይ ልድረስ። በኋላ በላኳት ብጣሽ ወረቀት «ሰማንያ ሴንቲ ሰው ይገድላል እንዴ» ብለዋል። ስሌቱ ይኸውልዎ። የማቆያው ደጃፍ ከድሮው የወንዙ ወለል ሁለት ሜትር ከአርባ ከፍ ይላል። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ውሃው በመዝገብ ከአንድ ከሰማንያ አልፎ አያውቅም፣ ስለዚህ ስድሳ ሴንቲ ትርፍ አለ ብለው ነው። በእርስዎ ሰሌዳ ግን ደጃፉ አንድ ከስድሳ ላይ ነው። ሳይረኑ ደግሞ ሁለት ላይ ነው የሚጮኸው። ውሃው ደጃፍ ሊደርስ አርባ ሴንቲ ሲቀረው ይጮሃል ያሉት፣ ቤት ገብቶ አርባ ሴንቲ ከሞላ በኋላ ይጮሃል። አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ቁጭ ሲል አርባ አምስት ሴንቲ ይሆናል። በወይዘሮ አሰፋሽ ሜትር ለክቻለሁ።

አሁን ደግሞ የምፈራውን ልጻፍ። ደብዳቤዎን ለኢንጂነር ታዲዎስ አሳየሁት። ሳላስፈቅድዎ። ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ «የግል ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም የለውም» አሉና መለሱልኝ። ወንዝ ወርጄ ራሴ ለካሁ፤ መቀመጫው ሥር ደለል ስለሞላ ሃምሳ ሴንቲ ብቻ ነው የሚለው። «ታዲያ ሰማንያ ያለው ማን ነው?» አሉኝ። እርስዎ ነዎት ያሉት። ከእርስዎ ሌላ በዚያ ዓመት ወለሉን የለካ ሰው የለም።

ሰሌዳውን ለማስተካከል ፈቃድ ብጠይቅ ወንዙ የእኛ ነው፣ ድልድዩ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ማቆያው የሦስተኛ። ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው። ሊፍቱ ስለተበላሸ አራተኛ፣ ሰባተኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ እያልኩ ሳምንት ሙሉ ደረጃ ስወጣና ስወርድ፣ ጥበቃው «እህት፣ ስፖርት ነው?» ይለኛል። ሁሉም በትሕትና ያስተናግዱኛል። ሁሉም «ከሚመለከተው አካል ማኅተም ያለው ጽሑፍ አምጪ» ይላሉ።

የሚመለከተው አካል እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ዋቅጋሪ።

ያጠፋሁት ጥፋት ይገባኛል።

ሰምሃል


ጉደር፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017

ለወይዘሪት ሰምሃል ሃድጉ

ለአንቺ የሰጠሁትን ለአለቃ አሳየሽው። ሽማግሌ ሲናገር አዳማጭ ይመርጣል፤ እኔ መምረጥ አላወቅሁም።

ማኅተም የለም። ከዚያ ዓመት ወዲህ በጻፍኳቸው አሥራ ሦስት መዝገቦች ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ ልጆቼ የሚያውቁኝም በእሱ ነው። በሰባ ሁለት ዓመቴ ስሜን በእጄ አላፈርስም። የእናንተ ሥራ ነው፤ ሳይረኑን እናንተ ዝቅ አድርጉት።

ከዚህ በኋላ ለሾፌሩ ደብዳቤ አትስጪው።

ለመሆኑ ሕፃናቱ ስንት ናቸው?

ዋቅጋሪ ጉደታ


ካዛንቺስ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017

ጋሽ ዋቅጋሪ፣

ሃያ ሦስት ናቸው። ትንሿ ሰባት ወሯ ነው፤ ትልቁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጫማውን ያለማቋረጥ ያወልቃል።

አትስጪው ብለዋል፤ ሰጠሁት። ሾፌሩም «ተጣላችሁ እንዴ?» አለኝ።

ሰነዱን አልፈርምም። ይህን ጫና ለመፍጠር አይደለም የምጽፈው፤ ወስኛለሁ፣ አልቋል። እናቴ «ሥራ የያዝሽው እኮ ገና ትናንት ነው» ብላ አኮረፈችኝ። አባቴ ግን ጠዋት የታክሲ እያለ ኪሴ ውስጥ ብር ከተተልኝ፤ ልጅ ሳለሁ እንደሚያደርገው።

ለወይዘሮ ለተገብርኤል ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ አንድ ሜትር ሲል ማንንም ሳይጠብቁ ልጆቹን ወደ ላይ ያውጡ አልኳቸው። ሁለተኛው ፎቅ የስብሰባ አዳራሽ ነው። «ምንጣፉ ይቆሽሻል ብለው ይቆጡኛል» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ይቆጡኝ» አሉ። አሁን ደመና በጠቆረ ቁጥር አንዲት ሠራተኛ ድልድዩ ላይ ይልካሉ። ግን እሳቸው አንድ ሰው ናቸው። ቢታመሙስ? ደግሞ ከእሳቸው ሌላ የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ሳይረን ነው።

«ስሜ አይነሳም በይኝ» ብለው በሾፌሩ ቃል ልከውብኛል። ልዋሽዎ አልችልም፤ ይነሳል። አለቆቼ ምን ብለው እንደሚያነሱት አላውቅም። እኔ ምን ብዬ እንደማነሳው ግን አውቃለሁ።

ዝናቡ በርትቷል። በየአሥር ደቂቃው መስኮት ላይ ነኝ።

ሰምሃል


ጉደር፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017

ለሚመለከተው ሁሉ

ጉዳዩ፦ የወንዝ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ ዜሮ ስለመሳሳቱ

እኔ ዋቅጋሪ ጉደታ፣ ጡረተኛ የወንዝ ከፍታ ለኪ፣ በ1996 ዓ.ም. በአዲሱ ድልድይ እግር ላይ ሰሌዳውን ያለ መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ በእጄ የቀባሁ መሆኔን፤ ዜሮውን ከወንዙ ወለል ሳይሆን ከኮንክሪቱ መቀመጫ ላይ መጀመሬን፤ በቀጣዩ በጋ ወርጄ ስለካ ልዩነቱ ሰማንያ ሴንቲሜትር ሆኖ ማግኘቴን፤ ይህንንም አውቄ በመዝገብ አለማስፈሬን አረጋግጣለሁ። ከዚያ ወዲህ በተጻፈው ቁጥር ሁሉ ላይ ሰማንያ ሴንቲሜትር እንዲደመር አመለክታለሁ።

ሰምሃል፣ ማኅተሙ ያለበት ይኸው። ሦስት ቀን ቀበሌ ተመላልሼበታለሁ፤ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ማመልከቻውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም። የምስጉን ሠራተኛውን ወረቀት ከግድግዳ አውርጄዋለሁ። እህቴ ለምን ስትለኝ አቧራ ላራግፍ ነው አልኳት።

ፍጠኚ። ጉደርም ደመናው ጥሩ አይደለም።


ካዛንቺስ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017

ጋሽ ዋቅጋሪ፣

ውሃው ገባ። የጠየቁኝ እሱን ነውና በቅድሚያ ይኸው። ሁሉም ደህና ናቸው። ይህንንም አስከትዬ ልጻፍ፤ መሐል ላይ ቆመው እንዳይደነግጡ።

ማመልከቻዎ ሐምሌ 22 እጄ ገባ። በዚያው ቀን ለሦስቱም ፎቅ አስገባሁ። ለነሐሴ 5 ስብሰባ ተያዘለት። ዝናቡ ግን ሐምሌ 28፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሃምሳ ደቂቃ ነው የዘነበው። ያየሁትን ሁሉ አልጽፍልዎትም፤ እርስዎ ያንን ወንዝ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ውሃው ማቆያው ውስጥ አርባ ሦስት ሴንቲ ደርሷል። ትናንሾቹ ፍራሾች ተንሳፍፈው በሩን ሲገፉ አይቻለሁ። ሳይረኑ ሲጮህ ሃያ ሦስቱም የስብሰባ አዳራሹ ምንጣፍ ላይ ብስኩት እየበሉ ነበር፤ ወይዘሮ ለተገብርኤል አንድ ሜትር ላይ አውጥተዋቸዋል። ባለጫማው ልጅ የአንድ እግሩን ጫማ ትቶ ነው የወጣው፤ እሱን ፈልጉልኝ እያለ ያለቅሳል። ከታች ያሉት ሁለት ሱቆች ዕቃቸው አልተረፈም። እነሱ ሳይረኑን ነበር የጠበቁት።

ኢንጂነር ታዲዎስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው አጠገቤ ቆመው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ሳይጠሩ የሳይረኑን መስመር ዝቅ አስደረጉት። ባለ ድልድዩም ባለ ማቆያውም ፈቃድ አልጠየቃቸውም፤ ለካ ይቻል ኖሯል። ስለ ኮንትራቴ አልጠየቅኳቸውም፣ አልነገሩኝም። ሐምሌ 15 ካለፈ ሃያ ቀን ሊሆነው ነው፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት እገባለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላይ ተከራክረን ወደ እርስዎ መጣሁ። ከ1996 ወዲህ ባሉት መዝገቦች ሁሉ ሽፋን ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል፤ ቁጥሩ ላይ ሰማንያ ይደመር የሚል። እሳቸው «በለኪው ስህተት ምክንያት» ይባል አሉ። እኔ «ለኪው ራሳቸው ባሳወቁት መሠረት» ይባል አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌባቸዋለሁ፤ ደንግጠው በመጨረሻ «ሰውየውን ጠይቂያቸዋ» አሉኝ። ስሙ የእርስዎ ነው። ምን ይባል?

ሰምሃል


ጉደር፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017

ልጄ ሰምሃል፣

«ሁሉም ደህና ናቸው» የሚለውን ለእህቴ ሰጥቼ አስነበብኳት፤ ዓይኔን አላመንኩትም ነበር። እንዲህ ሲሆን ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ጎመኗን ስትኮተኩት ዋለች፤ ማታ ግን እራት አቀረበችልኝ።

ስለሁለቱ ባለ ሱቆች አስቤያለሁ። ስማቸውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለእያንዳንዳቸው የምጽፈው አለኝ።

ስለ ወረቀቱ፦ አለቃሽም ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፣ ያሳወቅሁትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጻፉት። በአሥራ ሦስቱ በእኔ መዝገቦች ላይ ስሜን ከእነ አባቴ ስም አስገቡ።

በእርሳስ እንዳይሆን።

ዋቅጋሪ ጉደታ